ትራቪስን ቀበርን፤ ስህተቱን ግን ይዘነው ሄድን

ትናንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የድሮ ፕሮጀክቱን ሊንክ ልኮ "ቲቸር፣ ቴስቱ ለምንድን ነው ራን የማያደርገው?" አለኝ። ከፈትኩት። ሪድሚው አናት ላይ የትራቪስ ሲአይ ባጅ ተለጥፏል። ልጄ፣ ያ ነፃው ቤት ከተዘጋ ስንት ጊዜው!

ለማታውቁት፦ ትራቪስ ኮድ ፑሽ ባደረግን ቁጥር ቴስቱን በራሱ ሰርቨር ሞክሮ "አልፏል" ወይም "ወድቋል" የሚለን አገልግሎት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ተጀመረ፤ ለኦፕን ሶርስ ነፃ ነበር። በ2019 አይዴራ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። በ2020 መጨረሻ ነፃው ነገር 10,000 ክሬዲት ሆነ። ሰኔ 2021 ላይ የኦፕን ሶርሱ ገጽ ጭራሹን ተዘጋ።

ሁላችንም ወደ ጊትሃብ አክሽንስ ጎረፍን፤ እኔም አብሬ። መሄዳችን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የትራቪስን ፋይል መስመር በመስመር ወደ አክሽንስ ገልብጠን "ማይግሬት አደረግን" ማለታችን ነው። ፕሮጀክቱ እንዴት ቢልድ እንደሚደረግ የሚያውቀው ያ ፋይል ብቻ ነው፤ ፋይሉ የተጻፈው ደግሞ ለባለቤቱ ሰርቨር ነው። ኪራይ ቤት ቀየርን እንጂ ዕቃችን አሁንም የአከራዩ ነው።

"ነፃ ነው፣ ምን ቸገረህ?" ትሉኛላችሁ። ጊትላብን እዩ። ግንቦት 2021 ላይ ክሪፕቶ ቆፋሪዎች ነፃውን ማሽን ሲያጥለቀልቁት፣ አዲስ የነፃ ተጠቃሚ ሁሉ በጋራ ራነሩ ለመጠቀም የባንክ ካርድ አስመዝግብ ተባለ። ብር አይቆርጡም ነበር፤ ካርዱን ብቻ ነበር የሚፈልጉት። እስቲ የውጫሌ ልጅ የብር ኤቲኤሙን ይዞ ይሞክረው! ራነሩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ የጫነ ግን ካርድ አልተጠየቀም።

ካርዱስ ይቅር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለወራት፣ ደመና ላይ ያለው ቴስት ለሐይቅና ለአምባሰል ልጅ ምን ሊረባው ነበር? ላፕቶፑ እጁ ላይ ነው፣ ኮዱም እጁ ላይ ነው፤ ቴስቱ እንዴት እንደሚጀመር ግን ሌላ አገር ተቀምጧል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ። ማይክሮፊልሙ ሚኒሶታ ድረስ ሄዷል። መጽሐፉ ግን ገዳሙ ነው። ሚኒሶታ ነገ ቢዘጋ (አያድርገውና) ከገዳሙ አንዲት ገጽ አትጎድልም። እኛ በተቃራኒው ዋናውን ሰጥተን ቅጂውን እንኳ አላስቀረንም።

ስለዚህ ተማሪዬን ያዘዝኩት ይሄን ነው። ቢልዱንና ቴስቱን በአንድ ስክሪፕት ጻፍ፤ ኢንተርኔቱን አጥፍተህ ላፕቶፕህ ላይ ራን አድርገው። ላይብረሪ ከጎደለው አስቀድመህ አውርደህ አስቀምጥ። የአክሽንስ ፋይልህ ያንን ስክሪፕት ከመጥራት ውጪ ሥራ አይኑረው። ነገ አክሽንስም ቢዘጋ የምትቀይረው አምስት መስመር ይሆናል።

አንድ ነገር ልርሳ ነበር፦ ትራቪስ ላይ ያስቀመጥከውን ቶክን ሁሉ ሰርዝ፣ አዲስ አውጣ። መስከረም 2021 ላይ በትራቪስ ስህተት የፐብሊክ ፕሮጀክቶች ሚስጥር ፎርክ ላደረገ ሰው ሁሉ ለቀናት ክፍት ሆኖ ነበር። ቤት ስትለቅ ቁልፍህን በሩ ላይ አትተው።

ባጁንም አውልቀው። እሁድ ስክሪፕቱን ላክልኝ፣ ዋይፋዬን አጥፍቼ እሞክረዋለሁ።