የተማሪዎች ሥራና የመሪዎች ትዕግሥት

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው አባባል በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ተማሪዎች ተሰባስበው ለዶሮ እርባታ የሚሆን ቦታ ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስም ይኸው ነው። በእኛ አስተያየት ግን መመዘን ያለበት የልጆቹ ዕድሜ ሳይሆን፣ ችግር ሲገጥማቸው ስሜታቸውን መግዛት፣ ሁኔታው ሲለወጥም ዕቅዳቸውን ማስተካከል መቻላቸው ነው።

የዶሮን ሥራ እንመልከት። የተሻሻለ ዝርያ ያላት ቄብ ዶሮ እንቁላል መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሆናት ነው። ይህ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ከገጠመ፣ ጿሚ በሚበዛበት አካባቢ ለ55 ቀናት የእንቁላል ገዢ እጅግ ይቀንሳል። ዶሮዋ ግን ጾም ስለማታውቅ መኖዋን ትበላለች። «ካልኩት ንቅንቅ አልልም» የሚል ተማሪ ይከስራል። አስተዋዩ ግን ከፋሲካ አምስትና ስድስት ወር ወደ ኋላ ቆጥሮ፣ በጥቅምትና በኅዳር ጫጩት አስገብቶ፣ ለበዓሉ ገበያ አውራ ዶሮ ያደርሳል።

ፈንግል ሲገባም እንዲሁ ነው። በሽታው ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባትና ንጽሕና ነው። ዶሮዎቹ ያለቁበት ወጣት በጓደኞቹ ላይ ቢጮህና ጥፋቱን ሁሉ በእነርሱ ቢያላክክ ቡድኑ ይፈርሳል። ንዴቱን ውጦ፣ የጓደኞቹን ኀዘን ተረድቶ፣ ቤቱን አጽድቶ የሚቀጥሉትን ጫጩቶች በወቅቱ የሚያስከትብ ወጣት ግን ሁለተኛ ዕድል ሊሰጠው ይገባል።

እዚህ ላይ የመሪዎች ኃላፊነት ከፍተኛ ነው። «ለዶሮ የተሰጠ ቦታ ለሽንኩርት አይሆንም» ብሎ ቦታውን መንጠቅ፣ ልጆቹ ከገበያው የተማሩትን በሥራ እንዳያውሉ መከልከል ነው። በእርግጥ ዕቅድ መለወጥ ከዕዳ መሸሺያ መሆን የለበትም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ያወጡትን ገንዘብ፣ የደረሰባቸውን ኪሳራና የሚቀጥለውን ሐሳባቸውን በጽሑፍ አቅርበው በስብሰባ እንዲያስረዱ ማድረግ ይበጃል። መሪዎችም ከመገሠጽ በፊት ማዳመጥ ይኖርባቸዋል።

ገበሬው ራሱ ዝናብ ሲዘገይበት ማሽላውን ትቶ ጤፍ ወይም ሽምብራ ይዘራል። ይህን ሲያደርግ ወላዋይ ያለው የለም፤ አዋቂ ተባለ እንጂ። ለአባት የተፈቀደው ብልሃት ለልጁ ሊከለከል አይገባም።