ይህች ማን ናት?



እናቴ ስድሳ ዓመት ስለ ሞላት መታሰቢያ ይሆናት ዘንድ ባለፈው ክረምት ፎቶግራፏን ለአንድ ሠዓሊ ሰጠሁ። ሥዕሉ ሲመጣ በሸራው ላይ የተቀመጠችው የሠላሳ ዓመት ሴት ነበረች። የግንባሯ መሥመር የለም፤ በልጅነቷ የምድጃ እሳት በግራ ጉንጯ ላይ የተወው ጠባሳም የለም። እናቴ ጥቂት ተመልክታ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ይህች ማን ናት?» አለችኝ። ሠዓሊውን ብጠይቀው፣ «እኔማ አሳምሬላችሁ ነበር» ብሎ ተቀየመኝ።

ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ፎቶግራፍ ቤቱም፣ በኪሳችን ያለው ስልክም ሳንጠይቀው ፊታችንን ያለሰልሳል።

የሥዕል ሥራው ማሳመር ነው የሚል ካለ ግን የሬምብራንትን ሥራ ይመልከት። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1634 ዓ.ም.፣ ኤኽየ ክላስድር የተባሉትን ባልቴት ሣላቸው። የረገበውን ሽፋሽፍታቸውን፣ የቀላውን የዐይናቸውን ዙሪያ፣ የተጨማደደውን ጉንጫቸውን አንዱንም አልሰወረም። እንዲያውም 83 ዓመታቸው መሆኑን ከሥዕሉ ላይ ጻፈበት። ሥዕሉ ዛሬ ሎንዶን በናሽናል ጋለሪ ይገኛል።

አሜሪካዊቷ አሊስ ኒል ደግሞ በሌላው ሰው ላይ አልጀመረችም ባይባልም፣ በራሷ ላይ ጨከነች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. የተወለደችው ይህች ሠዓሊ በ1980 ዓ.ም. የጨረሰችው ሥዕል ራሷን ያለ ልብስ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ብሩሿን ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያሳያል። ጡቷ ወድቋል፤ ሆዷ ተዘርግቷል። እኔ መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ አፍሬ ገጹን ገለበጥሁ። ተመልሼ ሳየው ግን የያዘኝ አስተያየቷ ነው፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አስተያየት አይደለም።

እርግጥ ነው፣ እናቴ ራሷ መጨማደዴ ይጥፋልኝ ብትል ኖሮ መብቷ ነበር። ነገር ግን ማንም አልጠየቃትም። በግቢያችን የሥዕል ትርኢት ሲደረግስ የሚሰቀሉት ሴቶች ሁሉ ስለምን ኮረዶች ብቻ ይሆናሉ? በምግብ ቤቱ ወጥ የሚሠሩልንን እናቶች በየቀኑ እናያቸዋለን፤ ከመካከላችን ብሩሽ የሚይዝ ሁሉ አንድ ቀን ፈቃዳቸውን ጠይቆ ይቀመጥ።

የእናቴን ሥዕል ለሠዓሊው መልሼለታለሁ። ጠባሳውን ለመመለስ ተጨማሪ ዋጋ ጠየቀኝ፤ እከፍላለሁ ብዬዋለሁ።