«አንተ እኮ ትለያለህ»

ረመዳን በገባ ቁጥር ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ አይለወጥም። «ውሃም አትጠጡም? ምራቃችሁንም አትውጡም?» በዚህ ማንም ሊቀየም አይገባም። ውሃ አይጠጣም፣ ምራቅ ይዋጣል፤ መልሱ ይኸው ነው፣ ጠያቂውም ስቆ ይሄዳል።

እኛን የሚያሳስበን በምስጋና መልክ የሚመጣው ነው። ለዓመታት አብሮን የኖረ፣ ለቅሶና ሠርጋችንን የተካፈለ ጎረቤት «አንተ እኮ እንደ ሌሎቹ ሙስሊሞች አይደለህም» ይላል። በክፋት አይደለም፣ ወዶን ነው። ግን «ሌሎቹ» እነማን ናቸው? አባታችን፣ እህታችን፣ በጁምዓ ከጎናችን የሚሰግደው ሰው ናቸው። ጎረቤታችን በዓይኑ ያየውን መልካም ነገር ለአንድ ሰው ሰጥቶ፣ በወሬ የሰማውን ክፉውን ለቀሩት አስቀርቷል።

ትውውቅ ግምትን ይሰብራል ይባላል። እውነትነቱ በእኛው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይታያል። በጀሞ ኮንዶሚኒየም ማን ከማን እንደሚጎራበት የወሰነው ዕጣ ነው። አንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ልጅ የሚጠባበቁ፣ በጋራ መገልገያው ቤት አንዱ ለዒድ ሌላው ለፋሲካ የሚያርዱ ሰዎች የሰሙትን ካዩት ጋር ያመዛዝናሉ። ሥጋው ለየብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ ቄራም ቢሆን የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን እርድ ለይቶ ነው የሚሠራው። በዚህ የተነሳ ቡና መጠራራት የቀረበት ደረጃ ግን አላየንም።

ሆኖም ከትውውቅ በፊት የተተከለ ግምት ሥሩ ሩቅ ነው። «ሙስሊም ነጋዴ ነው» የሚለውን እንውሰድ። ብዙዎች ከተፈጥሯችን የመጣ ይመስላቸዋል። በዘውዱ ዘመን ግን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሙ ርስት እንዳይኖረው ተደርጎ ነበር፤ የሹመት በርም ጠቦበት ነበር። ስለዚህ ወደ ንግድና ወደ ሽመና ሄደ። መጠሪያችን እንኳ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር፣ እንደ እንግዳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና የወጣው ሕዝብ የጠየቀው ይህ ስያሜና ይህ አድልዎ እንዲቀር፣ በዓሎቻችንም እንዲከበሩ ነበር። ከሰልፈኞቹ መካከል ክርስቲያኖችም ነበሩበት። እነሱ የወጡት «ለየት ላለ» አንድ ወዳጃቸው ብለው አልነበረም፤ ለሁላችንም ነው። ልጆቻችን ይህን ከእኛ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?

እርግጥ ግምቱን የምናጠናክርለት እኛው የምንሆንበት ጊዜም አለ። በዚህ ወር በቴምርና በዘይት ላይ ዋጋ የሚቆልል ነጋዴ የእኛ ሰው ሲሆን፣ ፍትሐዊ ባይሆንም፣ ስሙ የሚነሳው የሁላችን ነው።

ሱረቱል ሁጁራት ጥርጣሬንና በክፉ ቅጽል ስም መጠራራትን ስትከለክል የምታናግረው አማኞችን ነው፤ እኛን። «ዘን» የሚለው የዓረብኛ ቃል ከተራ ግምት እስከ ክፉ ጥርጣሬ ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ ሰውም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሳይታወቀው ነው። እኛስ በማዕዳችን ዙሪያ ስለ ክርስቲያን ጎረቤታችን «እሱ እኮ ይለያል» አንልም? ልጆቹ ሾርባቸውን እየጠጡ ይሰማሉ።

እንግዲህ «ትለያለህ» ስንባል ደስ ብሎን ዝም አንበል። በለዘበ አንደበት «እኔን ያሳደጉኝ እነዚያው ናቸው» ማለት ይበቃል። ቀጥሎ ማሳየት ነው። ጎረቤትን ለኢፍጣር ስንጠራ እኛ ብቻችንን ባለንበት ቀን አይሁን። አማታችን፣ ከገጠር የመጡት አጎታችን፣ ኒቃብ የምትለብሰው የእህታችን ልጅ ባሉበት ቀን ይሁን። ልጅቷ ስለ ልብሷ ብትጠየቅ እኛ አንመልስላት፤ አንደበት አላት። በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ከገጠመም አያስቸግርም፤ በዘይት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ጾመኛ ይሆናል። ሾርባው ብቻ ሥጋ ባልነካው ድስት ለብቻው ይጣድ፤ ይህንንም እንግዳው ከመቀመጡ በፊት ይነገረው።