ተከራይ ያለበት ቤት ስትገዙ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት የዞረ ሰው ይህቺን የደላላ ቃል ሳይሰማ አይቀርም፦ «ተከራይ አለበት፣ ግን ችግር የለም፤ በሳምንት እናስወጣዋለን።» እኔ ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

ተከራይ እንደ አሮጌ ሶፋ ተነስቶ የሚጣል ዕቃ አይደለም። ልጆቹን እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ያስገባ፣ ኪራይ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ሊሆን ይችላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪ በዓመት ከአንዴ በላይ እንዳይደረግ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። «ቤቱ የኔ ነው» ብሎ በማግስቱ ኪራዩን እጥፍ ማድረግ ወይም ቁልፍ መቀየር አያዋጣም።

ኮዬ ፈጬ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲለይ ወደ ኦሮሚያ ተካሏል፤ ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። አዋጁን በክልል ከተሞች ማስፈጸም ደግሞ የክልሉ ድርሻ ነው። ስለዚህ ቦሌ ላይ የሰማችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ፤ እዚያው አስተዳደሩ ጋ ጠይቁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የኪራይ ውሉን በዓይናችሁ እዩ። ተከራዩን ደላላው በሌለበት አነጋግሩት፦ ስንት ይከፍላል? እስከ መቼ ከፍሏል? ውሉ መቼ ያልቃል? የመብራትና የውሃ ውዝፍ አለ? አስቀድሞ የከፈለው ካለ ከሽያጩ ዋጋ ይቀነስ፤ አለዚያ የናንተ ወራት ኪራይ ሻጩ ኪስ ይቀራል። «ባዶ ቤት አስረክባለሁ» ያለ ሻጭም ቃሉን ውሉ ላይ ያስፍር፣ ቀሪው ብር ቁልፍ ሲረከብ ይከፈል።

«እኔስ? የባንክ ዕዳ አለብኝ፣ ራሴም ኪራይ እየከፈልኩ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ይህ ከሻጩ ጋር ዋጋ ስትደራደሩ የሚነሳ ነገር ነው። የመጠበቁ ኪሳራ ያልሸጠ፣ ያልገዛ ሰው ላይ ለምን ይውደቅ?

አብዛኞቻችን ቤት ገዢ ከመሆናችን በፊት ተከራይ ነን። «ቶሎ ልቀቅ» የሚለው ቃል እንቅልፍ እንደሚነሳ እናውቀዋለን። ለተከራዩ በቂ ጊዜ ስጡት፣ ቀኑንም በጽሑፍ አድርጉት። እስከዚያው ኪራዩን በባንክ ተቀበሉ፤ ለሁለታችሁም ማስረጃ ይሆናል።