ለከበሮው የሰገድን፣ ለወጣሪው ምን አደረግን?

ከደራ ወረዳ መቀመጫ ከአንበሳሜ ወደ ጣና ዳር ሲወረድ የቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ይገኛል። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል እ.ኤ.አ. በ1672፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ተጻፈ። ያን ዘመን መጽሐፍ ማለት ብራና ነው፤ ብራና ደግሞ ተገዝቶ የሚመጣ ሳይሆን በእጅ የሚወጣ ነበር። የፍየል ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ይወጠራል፣ ሥጋውና ፀጉሩ እስኪለቅ ይፋቃል፣ በድንጋይ ይለሰልሳል፣ በወስፌ ይሰመራል። ቁም ጸሐፊው የመቃ ብርዑን በጥቁር ቀለም እየነከረ ይጽፋል፤ የአምላክና የእመቤታችን ስም ላይ ሲደርስ ቀይ ቀለም ያነሣል። በመጨረሻ ደጓሹ በእንጨት ገበታ ያስረውና ቆዳ ያለብሰዋል። ጸሐፊው በመጽሐፉ ማብቂያ ስሙን አኑሮ «በጸሎት አስቡኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። ቆዳውን የፋቀው ግን ስሙን የሚያኖርበት ቦታ እምብዛም አላገኘም።

የዝግጅት ክፍላችን ፍርድ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ከበሮውን የወጠረው፣ ጸናጽሉን የቀጠቀጠው፣ የካህኑን ጥምጥም የሸመነው፣ ለማኅበሩ ጠላ ጋኑን የሠራችው ሁሉ በቅዳሴውና በዝክሩ ውስጥ አሉ። ከደጀ ሰላሙ ወጥተን «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» ስንላቸው፣ ልጃችንን ለልጃቸው ስንከለክል፣ እየበደልን ያለነው ሰዎቹን ብቻ አይደለም፤ የተቀበልነውን መባም ነው። ይህ ኃጢአት ነው፤ ባህል ብለን ልንሸሽገው አይገባም። በጎንደር ከብረት ቀጥቃጮቹና ከግንበኞቹ መካከል የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከምስጋናው ይልቅ ስድቡ ደረሳቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን ዛሬም ከሠርግና ከገበያ አልጠፋም።

«እነሱ የሚሠሩት ለገንዘብ ነው፣ ለእግዚአብሔር አይደለም» የሚሉ አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፍቶ ይኖር ነበር። የካህን ደመወዝ ቅዳሴውን ካላረከሰ የቀጥቃጭ ዋጋ መስቀሉን ስለ ምን ያረክሳል? በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር በመንፈሱ እንደሞላው የተነገረለት ባስልኤልም የወርቅ፣ የብርና የናስ ሠሪ ነበር። የሚለየው ዋጋው አይደለም፤ ሥራው ላይ የሚፈስሰው ጥንቃቄና ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። ማንም ልብ ብሎ በማያየው የከበሮ ጠፍር ላይ እንኳ ሳይሰለች የሚያጠብቅ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል።

በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ርካሽ ነውና አጥቢያዎች ቢመርጡት አንፈርድባቸውም፤ ሁሉም አቅም የለውም። አቅም ኖሮ ግን የአካባቢውን ባለሙያ ማለፍ ሙያውን መግደል ነው፤ የማይታዘዝ ሙያ ልጅ አይማረውም።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤዎች ንዋየ ቅድሳት በእጅ ሲያሠሩ የለጋሹን ብቻ ሳይሆን የሠሪውንም ስም በመዝገብ ያኑሩ፤ በዕቃው ምረቃም ከለጋሹ ጎን ያቁሙት። የአብነት ትምህርት ቤቶች ብራና ፍቀትን፣ ቁም ጽሕፈትንና ድጉስን ከዜማው ጋር ያስተምሩ። በመድረክ ላይ ደግሞ ሰባኪው የእጅ ባለሙያን ስድብ ስሙን ጠርቶ ያውግዝ። ይህን ለመጀመር የአንበሳሜና የአካባቢው አጥቢያዎች ከማንም በጀት መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።