ከምድር ጥልቅ የሚወጣው ጋዝና የእንጦጦ ግርጌ ነዋሪዎች

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ ወዲህ በግቢው የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚያስብ የአዲሱ ገበያ ነዋሪ ከሥሩ ጋዝ ይወጣ እንደሆነ ቢጠይቅ የሚያስገርም አይደለም።

በስምጥ ሸለቆ ሥር የቀለጠ ዐለት ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለያል። ጋዙ የዐለት ስንጥቆችንና የስብራት መስመሮችን ተከትሎ ይጓዛል። ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ከፊሉ ይሟሟል፤ ከፊሉም ከዐለቱ ጋር ተዋሕዶ ባይካርቦኔት ይሆናል። የአምቦ ውኃ ከምንጩ ጋዝ ይዞ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ የፍልውኃም ሙቅ ውኃ በሶዲየም ባይካርቦኔት የበለጸገ ነው። በላዩ ጥቅጥቅ ያለ የሸክላ አፈር ወይም ያልተሰነጠቀ ዐለት ካለ ግን ጋዙ ከሥሩ ታምቆ ይከማቻል።

ከከሰም በአዲስ አበባ በኩል ወደ አምቦ የሚዘልቀው የስብራት መስመር የእንጦጦን ግርጌ ይነካል። ይህን የሰማ ሰው አዲሱ ገበያን ከአምቦ ጋር ቢያመሳስል ስሕተት ይሆናል። መስመሩ መንገድ እንጂ ምንጭ አይደለም። ጋዝ እንዲከማች ምንጭ፣ መንገድና ክዳን በአንድነት ሊገኙ ይገባል። የእንጦጦ እሳተ ገሞራ ዐለቶች ደግሞ ዕድሜያቸው 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ እሳታቸው ከበረደ እጅግ ቆይቷል።

አደጋው የሚመጣው ጋዙ ሳይበተን ሲቀር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ በረባዳ ስፍራ ይተኛል። ነሐሴ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ ሥር የፈነዳው ጋዝ 1,700 ያህል ሰዎችን ገድሏል። በዳሎል አቅራቢያ በምትገኘው የጋኤታሌ ኩሬ ዳርቻም የሞቱ ወፎች ይታያሉ።

ለአዲሱ ገበያ ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ሥጋት ግን ከጥልቁ የሚመጣው አይደለም። ለረጅም ጊዜ ተከድኖ የቆየ የውኃ ጉድጓድና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ከብስባሽ በሚወጣ ተመሳሳይ ጋዝ ሊሞላ ይችላል። ሻማ አውርዶ መሞከር የተለመደ ቢሆንም አስተማማኝ አይደለም፤ ሻማው እየበራም የጋዙ መጠን ለሰው ጎጂ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ከጉድጓድ ውስጥ ራሱን ቢስት፣ ሌላው ሊያወጣው ተከትሎ ሳይገባ በ939 ለእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይደውል።

ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚፈልጉ ተገልጋዮች አስቀድመው ፈቃድ ሊያወጡና የቦታውን የከርሰ ምድር ውኃ በባለሙያ ሊያስጠኑ ይገባል። የሚወጣው ውኃ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ቢፍለቀለቅ ወይም ቢኮመጥጥ፣ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ለመጠጥ አይዋል። ጋዙ በመንገድ ላይ ስለሚያመልጥ፣ የውኃው አሲድነት ወደ ላቦራቶሪ ከመላኩ በፊት እዚያው በጉድጓዱ አፍ ላይ እንዲለካ ባለሙያውን ይጠይቁ።