በልክ የተሰፋ ጫማና የነጋዴው ድርሻ

ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ገበያዎች የሚሰበሰበው የከብት ቆዳ ወደ ፋብሪካ ይጓዛል፤ በነፋስ መውጫ፥ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ሱቆች ግን የፕላስቲክ ጫማ ተደርድሮ ይታያል።

ርካሽ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ጫማን በቁጥር ይሠራል፤ ባለሙያው ሰፊ ግን እግሩን ለክቶ ይሰፋል። ልዩነቱም የጌጥ ብቻ አይደለም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ እግር በሚያሳብጥ ደዌ ሊያዝ ይችላል፤ መከላከያው እግርን መታጠብና መጫማት ነው። አንድ ጊዜ ያበጠ እግር ግን በመደብር ቁጥር አይገባም። በወላይታ ሕሙማኑ ራሳቸው ሙያውን ተምረው እንደየእግሩ ስፋት ጫማ መስፋታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ቆዳ ፋቂውንና ጫማ ሰፊውን መናቅ የቆየ ነውራችን ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን ከዐዋጁ በኋላም ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የተመሠረተው ሶልሬብልስ፥ በእጅ የተሠራ ጫማን ከአሮጌ ጎማ ሶል ጋር አጣምሮ ለውጭ ገበያ ማቅረቡ፥ በበረባሶ ስናፍር ለኖርነው ትምህርት ነው።

ክቡራን ባለሱቆች ሆይ፥ ምጽዋት አንጠይቃችሁም። ከአገሩ ሰፊ ጥቂት ጥንድ በትእዛዝ አሠሩ፤ ዋጋውን በወቅቱ ክፈሉ፤ ለመጠገኛም ደጃፋችሁን ፍቀዱለት። ጫማው ሲቀደድ የሚያድስለትን በአጠገቡ ያገኘ ገዢ፥ ለሱቁም የዘወትር ደንበኛ ይሆናል።